ለአሮጌ የቤተ ሰብ መኪና የኋላ ክንድ ስለ መምረጥ

ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባለው፥ ለመኪናው ዕቃ ሊገዛ ያሰበ ሰው አስቀድሞ የዕቃውን ሥራ ሊያውቅ ይገባዋል። ስለ ፍሬንና ስለ መሪ የማይጠነቀቅ የለም፤ ከመኪናው ሥር ተሰውረው የቤተ ሰባችንን ሕይወት የሚሸከሙትን የኋላ ክንዶች ግን የሚያስታውሳቸው ጥቂት ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ እነርሱ ጥቂት ቃል ልንናገር ወደድን።

ለምሳሌ ብዙ የአገራችን ቤተ ሰብ የሚያውቀውን የቀድሞውን ቶዮታ ኮሮላ እንውሰድ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1979 ዓ.ም. የወጣው፥ በኋላ ጎማ የሚነዳው ባለ ሞላ ኮሮላ ዲፈረንሻሉ በ4 ክንዶችና በ1 አግዳሚ ዘንግ ተይዟል። የታችኞቹ 2 ክንዶች የጎማውን ግፊት ወደ መኪናው አካል ያደርሳሉ፤ የላይኞቹ 2 ነዳጅ ሲሰጥና ፍሬን ሲያዝ ዲፈረንሻሉ እንዳይዞር ይከለክላሉ፤ አግዳሚው ዘንግ ወደ ጎን እንዳይሸሽ ይይዘዋል። በክንዶቹም ጫፍ መካኒኮች ጎሚኒ የሚሉት ላስቲክ አለ። ባለ ባለስትራውና ከፊት የሚነዳው ኮሮላ ግን አሠራራቸው ሌላ ስለ ሆነ፥ ገዥው አስቀድሞ ከመኪናው ሥር ይመልከት።

የእኛም መኪና ከቆመችበት ስትነሣ ከኋላ በኩል «ቋ» የሚል ድምፅ ታሰማ ጀመር፤ በመታጠፊያም ላይ ጭራዋ ትዋልል ነበር። ልጆቻችንን ጭነን ስንሄድ ልባችን ይፈራ ነበር። አንድ ነጋዴ የሚያብረቀርቅ፥ እንደ ፈለጉት የሚረዝምና የሚያጥር ክንድ አሳየን። ለልጆች ትምህርት ያስቀመጥነውን ገንዘብ ልንከፍል ስንል አንድ ሽማግሌ መካኒክ፥ «ወንድሜ፥ በሽታው ሳይታወቅ መድኃኒት አይገዛም» አለን። መኪናዋን አንሥቶ ክንዱን በብረት ቢገፋው፥ ክንዱ ደኅና ሆኖ ጎሚኒው ተሰንጥቆ ከብረቱ ተለይቶ አገኘነው።

ብዙ ሰው የላስቲኩ ልስላሴ ድካም ይመስለዋል። ነገር ግን አንደኛው ጎማ ድንጋይ ሲወጣ ሁለተኛው ጉድጓድ ሲገባ ዲፈረንሻሉ ይጋደላል፤ ክንዶቹም መጠምዘዝ ግድ ይሆንባቸዋል። ያን ጊዜ እሺ የሚለው ላስቲኩ ነው። እርሱ እንቢ ካለ መኪናዋ ትደርቃለች፥ ጎማውም መንገዱን በድንገት ሊለቅ ይችላል።

ስለዚህ ምርጫው እንዲህ ነው፤

1ኛ. ለቤተ ሰብ መኪና የፋብሪካው ልክ የሆነ ክንድ ከአዲስ የላስቲክ ጎሚኒ ጋር ይበቃል።

2ኛ. ፖሊዩሪቴን የሚባለው ጠንካራ ጎሚኒ ዕድሜው ይረዝማል፤ ነገር ግን ንዝረትን ያስተላልፋል፥ ግራሶ ካጣም ይጮኻል፥ መጠምዘዝንም ይከለክላል።

3ኛ. ባለ ብረት ኳስ መገጣጠሚያ በነፃ ይዞራል፤ ለእሽቅድምድም መልካም ነው፤ በአቧራና በጭቃ ግን ቶሎ ይበላል፥ ድምፁም ያሰለቻል።

4ኛ. የሚረዝመውና የሚያጥረው ክንድ ከፍታዋ ለተለወጠ መኪና ይጠቅማል። ግራና ቀኙ እኩል ካልሆኑ ግን መኪናዋ ጠማማ ትሄዳለች።

በመርካቶ ሶማሌ ተራ ከፈረሰ መኪና የወጣ ክንድ የሚገዛም ሰው፥ ስንጥቅ፥ ዝገት ወይም መጉበጥ እንዳለበት ይመርምር። የጎበጠውን በእሳት አቅንቶ መግጠም ከቶ አይገባም።

በመጨረሻም መካኒኩ የነገረንን እናካፍላችሁ። ክንዶቹ አንድ በአንድ ይውለቁ እንጂ ሁሉም ባንድ ጊዜ አይውለቁ፤ ዲፈረንሻሉ ከቦታው ይዞራልና። ቡሎኑም በመጨረሻ የሚጠብቀው መኪናዋ ክብደቷን በጎማዋ ላይ ስትጥል ነው። ተንጠልጥላ ሳለች ቢጠብቅ ላስቲኩ ስትወርድ ተጠምዝዞ ይቀራል፥ ፈጥኖም ይቀደዳል። በክሪክ ብቻ በቆመች መኪና ሥር ደግሞ ማንም አይግባ።

እኛ ጎሚኒውን ብቻ ለወጥን፤ ድምፁም ጠፋ፥ የልጆቹም ገንዘብ ከቦታው አልተነካም።