ጫጩት ማስፈልፈልና መንከባከብ በወረታና በፎገራ ሜዳ

መግቢያ

በብዙ የዓለም አገሮች ሰዎች ባጀሪጋር የምትባለውን የአውስትራሊያ ትንሽ በቀቀን በሽቦ ጎጆ ውስጥ በቤታቸው ያረባሉ። ለጌጥና ለጨዋታ ነው። በእኛ ዘንድ፣ በተለይም በወረታ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ የፎገራ ቀበሌዎች፣ ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የምታድር ወፍ ብትኖር ዶሮ ናት። የምትረባውም ለጨው መግዣ፣ ለልጅ ደብተርና ለበዓል ወጥ ነው። ገንዘቧም አብዛኛውን ጊዜ የእማወራዋ ነው። ስለዚህ አንድ ጫጩት ሲሞት ከቤቱ የሚጎድል ነገር አለ።

ስለ ዶሮ እርባታ ሲነሳ ቶሎ ወደ አፋችን የሚመጣው ጥያቄ "ምን ዓይነት ዝርያ እናምጣ?" የሚል ነው። በአገራችን ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በግብርና ኮሌጆችና በምርምር ማዕከላት በኩል ነጭ ሌግሆርን፣ ሮድ አይላንድ ሬድ፣ ፋዮሚ፣ በኋላም ኩኩክ፣ ቦቫንስና ሳሶ ገብተዋል። ይህ ጽሑፍ ዝርያ ማሻሻልን አይቃወምም። ነገር ግን ከዚያ በፊት ሊመለስ የሚገባው አንድ ጥያቄ አለ ይላል፦ ከዚህ በፊት የተፈለፈለው ጫጩት የት ደረሰ?

ሒሳቡ

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንዲት እናት 12 እንቁላል አሳቀፉ እንበል። 9 ተፈለፈለ። በሁለት ወሩ ሲቆጠር 4 ብቻ ቀረ። አንዱን ጭላት ወሰደው፣ ሁለቱ በዝናብ ማግስት ተኮራምተው ሞቱ፣ የቀሩትን በሽታ ጨረሳቸው። አሁን እኚህ እናት የትኛውን ቢያሻሽሉ ይሻላል? አፈልፋዩን ቢያሻሽሉ ከ9 ወደ 10 ቢደርሱ ነው፤ የሚያገኙት አንድ ጫጩት ነው፤ እሱም መሞቱ አይቀርም። የማሳደጉን ሥራ አሻሽለው ከ9ኙ 7ቱን ቢያተርፉ ግን ሦስት ዶሮ ጨመሩ ማለት ነው። አዲስ ዶሮ አልገዙም፤ ተጨማሪ እንቁላል አላሳቀፉም። "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" የሚባለው እንዲህ ያለው ነገር ሲረሳ ነው።

ጫጩት ምን ይጎድለዋል?

የባጀሪጋር ጫጩት በ18 ቀን ገደማ ሲፈለፈል ዓይኑ ያልተከፈተ፣ ላባ የሌለው ራቁቱን ነው። የእርግብም እንደዚሁ። እናትና አባት ከጉሮሯቸው እያወጡ ይመግቡታል። የዶሮ ጫጩት ግን ከ21 ቀን በኋላ ሲወጣ ዓይኑ ክፍት ነው፣ ለስላሳ ላባ ለብሷል፣ በዕለቱ ይራመዳል፣ ራሱ ይለቅማል። እንዲያውም ከእንቁላሉ አስኳል የቀረው በሆዱ ውስጥ ስላለ እስከ ሁለት ቀን ያለ ምግብ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ሲያዩት የደረሰ ይመስላል።

የሚያሳስተንም ይኸው ነው። ጫጩት አንድ ትልቅ ነገር ይጎድለዋል፤ እሱም የራሱን ሙቀት መጠበቅ ነው። ትልቅ ዶሮ የሰውነቷን ሙቀት 41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ አድርጋ ትይዛለች። ጫጩት ግን እውነተኛ ላባ እስኪያወጣ ድረስ፣ ማለትም ቢያንስ ሦስትና አራት ሳምንት፣ ይህን በደንብ አይችልም። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፤ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀነሳል። ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ሌሊት በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርዱ ይከብዳል። የበረደው ጫጩት አይበላም፤ ያልበላ ደግሞ ይባስ ይበርደዋል። ብዙ ጊዜ "በሽታ ገደለው" የምንለው ጫጩት መጀመሪያ የተጎዳው በብርድ ነው።

እንቁላል መምረጥና ማሳቀፍ

የአካባቢያችን ዶሮ ከ12 እስከ 15 የሚሆን እንቁላል ጥላ ለመታቀፍ ትቀመጣለች። ይህን የሚያደርገው ፕሮላክቲን የሚባል ሆርሞን ነው። የእንቁላል ዝርያ የሆኑት የውጭ ዶሮዎች ይህ ባሕርይ በምርጫ ስለጠፋባቸው አይታቀፉም። ስለዚህ የእኛዋ ዶሮ ለገበሬው ቤት መብራት የማትፈልግ የማስፈልፈያ ማሽን ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ተመራማሪዋ ሐሊማ ሐሰን በ2007 እ.ኤ.አ. በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ላይ ባቀረቡት ጥናት ከለዩዋቸው ሰባት የአካባቢ ዶሮ ዓይነቶች መካከል የመሎ ሐሙሲትና የጋሳይ ዶሮዎች ከዚሁ ከደቡብ ጎንደር ናቸው። በጓሯችን ያለችው ዶሮ ለጥናት የበቃች መሆኗን ልብ ይሏል።

ለማሳቀፍ የሚከተሉትን ማሟላት ይበቃል።

1ኛ/ እንቁላሉ አውራ ዶሮ ካለበት መንጋ የመጣ ይሁን። ለ8 እስከ 10 እንስት አንድ አውራ ይበቃል።

2ኛ/ ከተጣለ ከአንድ ሳምንት ያልበለጠ፣ መካከለኛ መጠን ያለው፣ ያልተሰነጠቀ ይመረጥ። ሾጣጣ እንቁላል ወንድ ይሆናል የሚባለው ልማድ ነው እንጂ በቅርፁ ጾታ አይታወቅም። ከቆሸሸ በውሃ አይታጠብ፤ ሲታጠብ የቅርፊቱ መከላከያ ይነሳና ጀርም ይገባል።

3ኛ/ እስኪጠራቀም ድረስ ሹል ጫፉ ወደታች ሆኖ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ። ከምድጃ አጠገብ ያለ መደብ አይሆንም። ከ20 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ሽሉ ሳይታቀፍ ማደግ ይጀምርና መንገድ ላይ ይሞታል። በመጋቢትና በሚያዝያ የወረታ ሙቀት ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው።

4ኛ/ ጎጆው ጨለም ያለና ፀጥ ያለ፣ ደረቅ ገለባ የተነጠፈበት ይሁን። ከሥሩ አመድ መነስነስ ቅማልና ቁንጫን ይቀንሳል። የአካባቢ ዶሮ ከራሷ እንቁላል እስከ 12፣ ከውጭ ዝርያ ትልልቅ እንቁላል ደግሞ ከ8 እስከ 10 ትችላለች።

5ኛ/ በ7ኛው ቀን ማታ እንቁላሉን በባትሪ ወይም በሞባይል መብራት ማየት ያስፈልጋል። ሽል ካለው እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ቀይ የደም ሥር ይታያል። ባዶ ሆኖ ጥርት ብሎ ያበራው ይውጣ።

ዶሮዋ በቀን አንድ ጊዜ ለ15 እና ለ20 ደቂቃ ተነስታ ብትበላና ብትጠጣ እንቁላሉ አይጎዳም። ውሃና ጥሬ አጠገቧ ካጣች ግን ርቃ ትሄዳለች፤ ያኔ ነው ጉዳቱ።

የመጀመሪያዎቹ ስምንት ሳምንታት

ሀ. ሙቀት፦ እናቲቱ ካለች ሙቀቱን ትሰጣለች። ችግሩ በማግስቱ ጠዋት ጤዛ ላይ ይዛቸው መውጣቷ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እናትና ጫጩቶቹ ፀሐይ ጠንከር እስክትል ቤት ቢቆዩ ብዙ ነፍስ ይተርፋል። ሌላው መንገድ የሣር ሳጥን ነው። ይህ ቀላል መሣሪያ ነው፦ በእንጨት ሳጥን መካከል ጫጩቶቹ ተጠጋግተው የሚያድሩበት ትንሽ ክፍል ይተዋል፤ በዙሪያውና በላዩ ደረቅ ሣር ይጠቀጠቃል፤ አየር ማስገቢያ ቀዳዳ ይበጅለታል። ሳጥኑ ሙቀት አይፈጥርም፤ የጫጩቶቹን የራሳቸውን ሙቀት እንዳይወጣ ይይዛል እንጂ። ስለዚህ አምስትና ስድስት ጫጩት ብቻቸውን አያሞቁትም። ሁለት ሦስት ዶሮ በአንድ ቀን ማሳቀፍና ጫጩቶቹን ማቀላቀል ይሻላል። በፎገራ ደግሞ የሩዝ ጭድ ስለሞላ ለሳጥኑ ሣር መግዛት አያስፈልግም። ለወለሉም ከሩዝ መፈተጊያዎች የሚወጣው ቅርፊት ደረቅና ርካሽ ጉዝጓዝ ነው።

ሳጥኑ ሌላም ጥቅም አለው። እናቲቱ ለስምንት ሳምንት ጫጩት ስትመራ እንቁላል አትጥልም። ጫጩቶቹን ቀድመን ከወሰድንላት ግን ቶሎ ወደ እንቁላል ትመለሳለች።

ለ. መኖ፦ ጫጩት 20 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ያለው ምግብ ይፈልጋል። የተበተነ ሩዝ ብቻ ሆድ ይሞላል እንጂ አያሳድግም። በአካባቢው ከሚገኝ ነገር ለ10 ኪሎ መኖ 5 ኪሎ የተፈጨ በቆሎና የሩዝ ስብርባሪ፣ 3 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ፣ 1 ኪሎ የሩዝ ብራን፣ ወደ 800 ግራም ተቀቅሎ ደርቆ የተፈጨ የጣና ዓሣ ተረፈ ምርት፣ የቀረውን ደግሞ የተፈጨ የተቃጠለ አጥንትና ቁንጥር ጨው ቢያደርጉት ፕሮቲኑ ወደ 19 በመቶ ይጠጋል። ሁለት ጥንቃቄ አለ። አንደኛ፣ ከትንንሽ መፈተጊያ የሚወጣው ብራን ብዙ ጊዜ ከቅርፊት ጋር የተቀላቀለ ስለሆነ ወንፍቶ መጠቀም ይገባል። ሁለተኛ፣ ብራን ዘይት ስላለው ሲቆይ ይበላሻል፤ ሽታው ከተለወጠ አይሰጥ። የሻገተ እህልም እንደዚሁ፣ ሻጋታው መርዝ አለውና። ምስጥ የሚገኝበት ሰው ደግሞ አባቶች እንደሚያደርጉት ቢሰጥ ምርጥ ፕሮቲን ነው። ውሃ በጠፍጣፋ ዕቃ፣ መሐሉ ላይ ድንጋይ አድርጎ ነው የሚሰጠው፤ ጫጩት በትንሽ ውሃ ይሰምጣል።

ሐ. ጠላት፦ ቀን ጭላት፣ ሌሊት ሸለመጥማጥና ድመት። ሰፋ ያለ ቅርጫት ደፍቶ ወይም በሸምበቆ የታጠረና በላዩ የተሸፈነ ትንሽ ግቢ ሠርቶ ቀን ቀን እዚያ ማዋል ይቻላል።

ወቅት መምረጥ

የፎገራ ሜዳ የርብና የጉማራ ወንዞች ሜዳ ነው። ክረምት ላይ ውሃ ይተኛበታል፤ ነሐሴ 1998 ዓ.ም. አካባቢ እንደሆነው ደግሞ ሞልቶ ቤት ያፈናቅላል። ለሩዝ ተስማሚ የሆነው ይህ ውሃ ለጫጩት ጠላት ነው። እርጥብ ወለል ደም የሚያስቀምጠውን ኮክሲዲዮሲስ ያራባል። ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ማስፈልፈል ባይሆን ይመረጣል።

መስከረም አጋማሽ ላይ የታቀፈ እንቁላል ጥቅምት መጀመሪያ ይፈለፈላል። መሬቱ እየደረቀ ነው። ጫጩቶቹ ጠንከር ሲሉ ኅዳርና ታኅሣሥ የሩዝ አጨዳና ውቂያ ይደርሳል፤ የረገፈው እህል ለለቀማ ይተርፋል። ስድስት ወር ሲሞላቸው ደግሞ ፋሲካ ይመጣል። ዶሮ ዋጋ የሚያወጣበት ጊዜ ማለት ነው። በጾም ወራት እንቁላል ስለሚረክስ ያን ጊዜ የሚያሳቅፉም አሉ፤ መጥፎ አይደለም፣ ግን ጫጩቶቹ ዝናቡ ሳይገባ ላባ እንዲያወጡ ቀኑን መቁጠር ያሻል።

ፈንግል፦ የአንድ ቤት ብቻ ያልሆነ ጉዳይ

ከላይ የተባለው ሁሉ ተሟልቶ ፈንግል ቢገባ በሳምንት ውስጥ ቤቱ ባዶ ይሆናል። ፈንግል በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ መድኃኒት የለውም። ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ የሰው ኪኒን ወዘተ. ሲሰጡ ይታያል፤ ቫይረሱን ግን አይገድሉትም። ያለው መከላከያ ክትባት ነው። ቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ክትባቱን ያመርታል። በተለምዶ ኤች ቢ ዋን በመጀመሪያው ሳምንት በዓይን ጠብታ፣ ላሶታ ደግሞ በአራተኛው ሳምንት ገደማ በመጠጥ ውሃ ይሰጣል። ሙቀት የሚቋቋመው አይ ቱ የተባለው ክትባትም ፍሪጅ ለሌለባቸው ቀበሌዎች ይመቻል።

ታዲያ ለምን አይከተብም? አንዱ ምክንያት ጠርሙሱ ነው። አንድ ጠርሙስ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ሆኖ ይመጣል፤ ከተበጠበጠ በኋላ ደግሞ በሁለት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። ስምንት ዶሮ ያላቸው እናት ብቻቸውን አይከፍቱትም። መፍትሔው የሠፈሩ ሰዎች ቀን ቆርጠው አንድ ላይ ማስከተብ ነው። ለቡና የሚጠራራ ጎረቤት ለክትባት መጠራራት አያቅተውም። እንዲህ ሲሆን ዋጋው ይቀንሳል፤ ከዚያም በላይ በሽታው ከጎረቤት ግቢ ተሻግሮ አይመጣም። በውሃ ሲሰጥ ክሎሪን ያለው የቧንቧ ውሃ ክትባቱን እንደሚገድል መዘንጋት የለበትም፤ የጉድጓድ ንጹሕ ውሃ ይሻላል። ዶሮዎቹም ከዚያ በፊት አንድ ሁለት ሰዓት ውሃ ይከልከሉ።

ከገበያ የተገዛች ወይም ሳትሸጥ የተመለሰች ዶሮ ለሁለት ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ። ከበዓል ገበያ ማግስት ብዙ መንጋ የሚያልቀው በዚህ በኩል ነው። የታመመችን ዶሮ ቶሎ ለገበያ ማውጣትም ሕመሙን ለሌላ ሰው ቤት መሸጥ ነው።

ማጠቃለያ

ከዲፓርትመንታችን የሚመረቅ ተማሪ ነገ ቀበሌ ወርዶ የልማት ሠራተኛ ሲሆን ሪፖርት ይጠየቃል። በሪፖርቱ ላይ "ስንት ጫጩት ተከፋፈለ?" የሚል ዓምድ አይጠፋም። ቁጥሩ ትልቅ ሲሆን ያስመሰግናል። ነገር ግን የተከፋፈለው ሁሉ በሦስተኛው ሳምንት ቢያልቅ ለእማወራዋ ያተረፈላት ኪሳራና "የመንግሥት ዶሮ አትበረክትም" የሚል ተስፋ መቁረጥ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለተኛ ማሳመን ይከብዳል።

ስለዚህ የጽሑፉ ሐሳብ ይህ ነው፦ ከዚያ ዓምድ አጠገብ "ስንቱ ስምንት ሳምንት ደረሰ?" የሚል ሌላ ዓምድ እንጨምር። አለቃ ባይጠይቀንም በራሳችን ደብተር እንጻፈው። የሚያስፈልገው የሩዝ ጭድ፣ የእንጨት ሳጥን፣ ደረቅ ወለል፣ ትክክለኛ ወር እና የተባበሩ ጎረቤቶች ናቸው። ከክትባቱ በቀር ሁሉም እዚሁ ፎገራ ውስጥ አሉ።