ስለ መድኃኒት ንግድና ስለ ገበያው ጥናት

የመድኃኒት ንግድ ከሌላው ንግድ የሚለይበት ዋና ነገር፣ ገዢው የሚገዛውን ዕቃ ራሱ የማይመርጥ መሆኑ ነው። ሐኪሙ ያዛል፤ ባለመድኃኒት ቤቱ ያቀርባል፤ በሽተኛው ይከፍላል። በሐኪም ማዘዣ ብቻ የሚሸጠውንም መድኃኒት ለሕዝብ ማስታወቅ በሕግ የተከለከለ ነው። ስለሆነም በዚህ ሙያ የተሰማራ ነጋዴ ትርፉን የሚጠብቀው የአካባቢውን ፍላጎት አስቀድሞ በማወቅ ነው።

በአገራችን መድኃኒት በሁለት መንገድ ይሠራጫል። ለመንግሥት ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች የሚሆነውን የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት በብዛት ገዝቶ ያከፋፍላል። ለግል መድኃኒት ቤቶች የሚሆነውን ግን በአብዛኛው አስመጪዎችና የጅምላ ነጋዴዎች ያቀርባሉ።

ከመገናኛ ወደ አያት በሚወስደው መንገድ፣ በሲኤምሲ ሠፈር መድኃኒት ቤት የሚከፍት ነጋዴ አስቀድሞ ሊመረምር የሚገባው፣ በአቅራቢያው ምን ዓይነት ሐኪሞች እንደሚሠሩ ነው። በሕፃናት ክሊኒክ አጠገብ ሽሮፕ ይፈለጋል። የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኞች የሚበዙበት ሠፈር ደግሞ በየወሩ የሚመለሱ ደንበኞች አሉት። የሽያጭ መዝገብ የተሸጠውን ብቻ ስለሚያሳይ፣ «የለም» ተብሎ የተመለሰው ማዘዣም ሁሉ ለብቻው ሊመዘገብ ይገባል።

ሁለተኛው ጉዳይ የመድኃኒቱ ማብቂያ ቀን ነው። ለምሳሌ አንድ መድኃኒት ቤት በወር 30 ፓኬት ይሸጣል እንበል። ማብቂያው 9 ወር የቀረው፣ ዋጋው 100 ብር የሆነ መድኃኒት 400 ፓኬት ለሚገዛ በ10 ከመቶ ቅናሽ ይቀርብለታል። በ9 ወር የሚሸጠው 270 ብቻ ነው። በእነዚህ ከቅናሹ 2,700 ብር ያገኛል፤ በቀሩት 130 ፓኬቶች ግን 11,700 ብር ይከስራል።

ሦስተኛው የውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በአሮጌው ዋጋ ሸጦ የጨረሰ አስመጪ፣ በዚያው ገንዘብ ያንኑ ያህል ዕቃ መተካት አይችልም። ስለዚህ ትዕዛዙን ከመስጠቱ በፊት የመተኪያውን ዋጋ ማስላት ያስፈልገዋል።

ባለመድኃኒት ቤቱ የተሸጠውን፣ የተመለሰውን ማዘዣና የማብቂያ ቀኖቹን በየወሩ ቢያስተያይ፣ ገንዘቡ በመደርደሪያ ላይ አይበላሽበትም፤ በሽተኛውም መድኃኒቱን ፍለጋ ከሠፈር ሠፈር ከመንከራተት ይድናል።