ከለንደን ሳቫና የገባው ኦሪት

«ዊልያም ኤንድ ሣራ» የተባለችው መርከብ ከለንደን ተነስታ ሳቫና የደረሰችው ጁላይ 11 ቀን 1733 እ.ኤ.አ. ነበር። በአሜሪካ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በጆርጂያ ያለችው ይህች ከተማ ከተቆረቆረች ገና አምስት ወሯ ነው። ከመርከቧ የወረዱት አርባ የሚያህሉ አይሁዶች ከጓዛቸው መካከል በአጋዘን ቆዳ ላይ በእጅ የተጻፈ የኦሪት ጥቅልል ይዘው ነበር።

አብዛኞቹ የዘር ሐረጋቸው ከፖርቱጋል ነው። እዚያ አይሁድነት ኢንኩዊዚሽን በተባለው የካቶሊክ የሃይማኖት ፍርድ ቤት ያሳስር፣ ንብረት ያስወርስ፣ ነፍስም ያስጠፋ ስለነበር ቤተሰቦች በአደባባይ ካቶሊክ፣ በጓዳ አይሁድ ሆነው ትውልድ ቆጥረዋል። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ሐኪሙ ሳሙኤል ኑኔዝም በዚያው ፍርድ ቤት ታስሮ ያውቃል። እንዲህ ላለ ሰው ኦሪትን በግልጽ ተሸክሞ ከመርከብ መውረድ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አይከብድም።

ለንደን ያሉት የቅኝ ግዛቱ ባለአደራዎች አይሁዶች እንዲሰፍሩ አልፈለጉም። ሳቫና ግን በወረርሽኝ እየተጨነቀች ነበር፤ የነበራት ሐኪምም ሞቷል። ኑኔዝ ሕሙማኑን ማከም ጀመረ፤ የቅኝ ግዛቱ መሪ ጄምስ ኦግልቶርፕም ለመጤዎቹ መሬት ሰጣቸው።

የኦሪት ጥቅልል ተራ መጽሐፍ አይደለም። ጸሐፊው በላባ ብዕር 304,805 ፊደላትን አንድ በአንድ ይጽፋል፤ የብራናው ቁርጥራጮችም በእንስሳ ጅማት ተሰፍተው በሁለት እንጨት ላይ ይጠቀለላሉ። አንዲት ፊደል ብትጎድል ወይም ቀለሟ ቢላላጥ እስክትታረም ድረስ ጥቅልሉ በጸሎት ላይ አይነበብም። ጽሑፉን በጣት መንካት ስለማይገባ አንባቢው መስመሩን በጠቋሚ ዘንግ ይከተላል። የእኛዎቹ ቤተ እስራኤል ልማድ ከዚህ ይለያል፤ የእነሱ ኦሪት በግዕዝ የተጻፈ፣ እንደ መጽሐፍ የተጠረዘ ብራና ነው፤ ቄሶቻቸውም ያነበቡትን ለሕዝቡ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ያስረዳሉ።

የሳቫናው የአይሁድ ማኅበር ዕድሜ ሊያጥር ተቃርቦ ነበር። ከፖርቱጋልና ከጀርመን የመጡት በሥርዓት አልተስማሙም። በ1740 ገደማ ደግሞ ከፍሎሪዳ በኩል የስፔን ጦር ሊመጣ ነው ሲባል ኢንኩዊዚሽንን በደንብ የሚያውቁት ሰዎች ከተማዋን ለቀው ሸሹ። የቀሩት የሼፍታልና የሚኒስ ቤተሰቦች ብቻ ናቸው። ምኩራብ ስላልነበራቸው በግለሰብ ቤት እየተሰበሰቡ ጸለዩ።

ማኅበሩ የራሱን ምኩራብ የሠራው በ1820 ነው፤ እሱንም በ1829 እሳት በላው። በውስጡ የነበሩትን የኦሪት ጥቅልሎች ግን ከቃጠሎው አተረፏቸው። «ሚክቬ እስራኤል» የሚባለው ይህ ማኅበር ዛሬ የሚጸልየው በ1878 በተመረቀ፣ በጎቲክ አሠራሩ ከሩቅ ላየው ቤተ ክርስቲያን በሚመስል ሕንፃ ውስጥ ነው። በ1733 የመጣውን የአጋዘን ቆዳ ኦሪትም እስከ ዛሬ ጠብቆ አቆይቶታል።