ለመኪና እሽቅድምድም ሜዳ የሚሆን የራስ ቍር አመራረጥ

በልዩ ልዩ አገሮች ባለመኪናዎች ዋጋ ከፍለው በተዘጋ የእሽቅድምድም ሜዳ ላይ የገዛ መኪናቸውን በፍጥነት የሚነዱባቸው ቀኖች አሉ። ይህ ውድድር አይደለም፤ ዋንጫም ሆነ ሽልማት የለበትም። ነጂዎቹም በሥራቸው ሐኪም፤ መሐንዲስ ወይም ባለሱቅ የሆኑ ሰዎች ናቸው። ልማዱ በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር የቆየ ሲሆን፤ ለኢትዮጵያ ነጋዴዎች በሚቀርበው በባሕረ ሰላጤው አካባቢም በ2004 የተከፈተው የዱባይ አውቶድሮምና በ2009 የተከፈተው የአቡ ዳቢው ያስ ማሪና ለዚሁ ጉዳይ ይውላሉ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ እንዲህ ያለው ሜዳ ለመግባት የራስ ቍር፤ በተለምዶ ሄልሜት የሚባለው፤ የግድ ያስፈልጋል። ተቈጣጣሪው ቍሩን ገልብጦ በውስጡ የተለጠፈውን ምልክት ያነባል። ምልክቱ ከደንቡ ጋር ካልተስማማ ነጂው የከፈለበት ቀን ያልፍበታል፤ ዕቃውን የሸጠለት ነጋዴም ደንበኛውን ያጣል። ይህ በበሩ ላይ የሚደርሰው ነው፤ ከበሩ ወዲያ የሚደርሰው ግን ከገንዘብ የከበደ ነው።

የምልክቱ ታሪክ ከ1956 ይነሣል። በዚያ ዓመት ዊልያም ስኔል የተባለ፤ ወዳጆቹ ፒት እያሉ የሚጠሩት አሜሪካዊ አማተር ነጂ በእሽቅድምድም ላይ ሳለ በደረሰበት የራስ ጉዳት ሞተ። ቍር አድርጎ ነበር፤ ሆኖም ቍሩ ሊያድነው አልቻለም። በ1957 ሐኪሙ ጆርጅ ስናይቭሊና ሌሎች ወዳጆቹ በሟቹ ስም የስኔልን መታሰቢያ ድርጅት አቋቋሙ፤ የመጀመሪያው መመዘኛም በ1959 ወጣ። ድርጅቱ ትርፍ የማይፈልግ ነው። ቍሩን ለፈቃድ ሲቀርብለት አንድ ጊዜ ፈትኖ አይተወውም፤ በኋላም ከገበያ ላይ እየገዛ ይሰብረዋል፤ ይመረምረዋል። የአምራቹ ሁለተኛ ሥራ እንደ መጀመሪያው ሆኖ መገኘቱ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ብዙ ነጋዴ የሚሳሳተው በስኔል ፊደሎች ነው። «ኤም» የሚለው ፊደል ለሞተር ብስክሌት፤ «ኤስ ኤ» ለመኪና እሽቅድምድም፤ «ኬ» ደግሞ ካርት ለምትባለው ትንሽ የእሽቅድምድም መኪና ነው። ከሩቅ ሲያዩአቸው ሦስቱም አንድ ይመስላሉ፤ በአንድ መደርደሪያ ላይ ጐን ለጐን ቢቀመጡ የሚለያቸው ጥቂት ሰው ነው። ነገር ግን የተሠሩበት አሳብ የተለያየ ነው። ሞተረኛው ሲወድቅ ከብስክሌቱ ተለይቶ በመንገድ ላይ ይወረወራል። ባለመኪናው ግን በቀበቶ ታስሮ በመቀመጫው ይቀራል፤ መኪናው ሲገለበጥ ራሱ ከበላዩ ካለው የብረት ቧንቧ ጋር በአንድ ቦታ ደጋግሞ ሊጋጭ ይችላል። ቤንዚንም ከፈሰሰ እሳት ይከተላል። ስለዚህ የኤስ ኤ ቍር ከሌላው ምት በተጨማሪ በብረት ቧንቧ አምሳያ ላይ ይፈተናል፤ የውስጥ ልብሱም እሳትን የሚቋቋም መሆን አለበት። የኤም ቍር በእሳት አይፈተንም፤ ነገር ግን ሞተረኛ በመንገድ ላይ ግራና ቀኙን ማየት ስላለበት የዓይኑ መስኮት ሰፊ ይደረጋል። የኬ ቍር የኤስ ኤ ታናሽ ወንድም ነው ቢባል ይሆናል፤ የእሳቱ ፈተና ብቻ ይጐድለዋል።

ከዚህም ሌላ ከኤስ ኤ 2015 ጀምሮ በቍሩ ግራና ቀኝ ብሎን የሚገባባቸው ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች መኖር ግዴታ ሆኗል። እነዚህ አንገትን ከስብራት የሚጠብቀውን ሃንስ የተባለውን መሣሪያ ለማያያዝ ናቸው። ሃንስን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያስገኙት አሜሪካውያኑ ሮበርት ሃባርድና ጂም ዳውኒንግ ሲሆኑ፤ ዓለም በሙሉ ያወቀው ግን ስመ ጥሩ ነጂ ዴል ኧርንሃርት በየካቲት 2001 በዴይቶና ከሞተ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት የአሜሪካው ናስካር የራስና የአንገት መጠበቂያን ግዴታ አደረገ፤ ፎርሙላ አንድም በ2003 ተከተለ። ይሁን እንጂ ሃንስ የሚሠራው በሁለቱም ትከሻ ላይ በሚያልፍ የእሽቅድምድም ቀበቶ ነው። መኪናው ከፋብሪካ በወጣበት ቀበቶ ብቻ ለሚነዳ ጀማሪ መሣሪያውን ጨምሮ መሸጥ ገንዘቡን ማባከን ነው።

አንዳንድ አዘጋጆች ተራ መኪና ይዞ ለሚመጣ ጀማሪ የኤም ቍርን ይፈቅዳሉ፤ ሌሎች ጨርሶ አይቀበሉም። ሁለቱም ዘንድ የሚያልፈው ኤስ ኤ ስለሆነ፤ ለመኪና ሜዳ ብሎ የሚያዝዝ ነጋዴ ወደ ኤም ባይሄድ ይሻለዋል፤ የዋጋው ልዩነት ቢያጓጓውም።

ከፊደሉ ቀጥሎ የሚመጣው ቍጥር የመመዘኛው ዓመት ነው እንጂ ቍሩ የተሠራበት ዓመት አይደለም። ኤስ ኤ 2020 የሚል ቍር በ2024 የተሠራ ሊሆን ይችላል። ስኔል የኤስ ኤን መመዘኛ በየ5 ዓመቱ ያድሳል፤ ከ2020ው ቀጥሎ ኤስ ኤ 2025 ወጥቷል። ብዙዎቹ የሜዳ አዘጋጆች የመጨረሻዎቹን ሁለት መመዘኛዎች ብቻ ስለሚቀበሉ፤ አዲስ በወጣ ቍጥር ሦስተኛው ከበር ይመለሳል። አስመጪውን የሚጐዳው ይህ ነው። በመመዘኛው መለወጫ ሰሞን አሮጌው ዕቃ በርካሽ ይቀርብለታል፤ ሣጥኑ አዲስ፤ ቍሩም ያልተነካ ነው፤ ሆኖም በሜዳው በር ዋጋ የለውም። ኤስ ኤ 2015 የሚል ዕቃ ዛሬ በእጅጉ ቀንሶ ቢገኝ ምክንያቱ ይኸው መሆኑን መጠርጠር ይገባል። ኤስ ኤ 2020 ያለው ግን ገና ጥቂት ዓመታት ሊሸጥ ይችላል፤ ቅናሹም ከቀረው ዕድሜ ጋር ተመዛዝኖ ቢጠየቅ ተገቢ ነው።

ሌሎች ምልክቶችም አሉ። የዓለም አቀፉ አውቶሞቢል ፌዴሬሽን 8859 እና 8860 የተባሉ መመዘኛዎች ያሉት ሲሆን፤ ሁለተኛው ለከፍተኛ ውድድር የሚሆንና ዋጋው እጅግ የተወደደ ነው። ለአማተር 8859 ይበቃል፤ የስኔልንና የዚህን ምልክት በአንድነት የያዘ ቍር በብዙ አገር ስለሚሠራ ለንግድ ይመቻል። በአውሮፓ የሚታወቀው 22.06 የተባለው ደንብና የአሜሪካው ዲ ኦ ቲ ግን የሞተር ብስክሌት ናቸው። ዲ ኦ ቲን የሚለጥፈው አምራቹ ራሱ ነው፤ መንግሥት አስቀድሞ አይፈትንም፤ ከገበያ እየወሰደ በኋላ ይመረምራል እንጂ። ስለዚህ ዲ ኦ ቲ የሚል ወረቀት ብቻውን ታይቶ ዕቃው ለመኪና ሜዳ ይሆናል ማለት አይቻልም።

ስለ ሥራው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የላይኛው ቅርፊት ከፋይበር ግላስ፤ ከካርቦን ወይም ከሁለቱ ድብልቅ ይሠራል። ነፍስ የሚያድነው ዋናው ክፍል ግን ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነጭ የፖሊስታይሪን አረፋ ነው። አረፋው በምቱ ጊዜ ይጨፈለቅና ራስ ቀስ ብሎ እንዲቆም ያደርጋል፤ የተጨፈለቀው ተመልሶ አያብጥም። ካርቦን ቀለል ስለሚል አንገትን ያሳርፋል፤ ዋጋውም ብዙ ነው። አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው ሁለት ቍሮች አንድ ዓይነት ፈተና ያለፉ ናቸውና፤ ልኩ የሚስማማው የፋይበር ግላስ ቍር ልኩ ከማይስማማው ካርቦን ይበልጣል።

ልኩንም የሚወስደው ባለሱቁ ነው፤ ይህን ለደንበኛው ግምት መተው አይገባም። ሜትሩ ከቅንድብ በላይ 2 ሳንቲ ሜትር ከግማሽ ያህል ከፍ ብሎ ግንባርን ከዞረ በኋላ ከኋላ በሰፊው በኩል ያልፋል። ጠጉሯን ሹሩባ የተሠራች ደንበኛ በሜዳ ላይ እንደምትሆነው ሆና ትለካለች። ቍሩ ሲጠለቅ ጠበቅ ብሎ ጕንጭን መያዝ አለበት፤ በእጅ ግራና ቀኝ ሲያዞሩት የፊት ቆዳ አብሮ መንቀሳቀስ ይገባዋል። ማሰሪያው ከታሰረ በኋላ ከኋላ በኩል ወደ ፊት ሲገፉት ከወለቀ ትልቅ ነው። ደንበኛው ሃያ ደቂቃ ያህል አድርጎት ይቀመጥ፤ ግንባሩ ላይ አንድ ነጥብ ካሳመመው መጠኑ ልክ ሆኖ ሳለ ቅርጹ አልተስማማም ማለት ነውና ሌላ ሥሪት ይሞከርለታል። አዲስ ቍር ሲለበስ ይላላል እንጂ አይጠብቅም፤ ገዢዎች ግን ዘወትር አንድ ቍጥር ከፍ ያለውን ይመርጣሉ። ሻጩ በዚህ ቢከራከራቸው ነውር የለበትም። መነጽር የሚያደርግም መነጽሩን ይዞ ይምጣ። ክፍት መኪና የሚነዳ አገጭን ጭምር የሚሸፍነውን ሙሉውን ዓይነት ይግዛ።

ቍርን ሳይሰብሩ መፈተን ስለማይቻል፤ አስመጪው የሚታመነው በወረቀትና በምልክት ነው። የሐሰት ምልክት ለጥፎ መሸጥ በዚህ ዕቃ ላይ ያለ ችግር ነው። ስለዚህ በዋጋ ማቅረቢያውና በባንክ ደብዳቤው ላይ «የእሽቅድምድም ቍር» ተብሎ ብቻ አይጻፍ፤ የመመዘኛው ሙሉ ስም፤ የአምራቹ የሥሪት ስም፤ የተሠራበት ወርና ዓመት ይጠቀስ። ስኔል ፈቃድ የሰጣቸውን ሥሪቶች ዝርዝር ለሕዝብ ስለሚያወጣ ገንዘቡ ከመተላለፉ በፊት ስሙን ማመሳከር ይቻላል። ዕቃው ሲደርስም ከየሣጥኑ ጥቂቱ ተከፍቶ፤ የውስጥ ልብሱ ተነሥቶ፤ የምልክቱ ተራ ቍጥር ይታይ። ሁሉም ላይ አንድ ቍጥር ከተገኘ ምልክቱ የታተመው በሌላ ቤት ነው።

በመጋዘን ቍሩ ከፀሐይ፤ ከቤንዚንና ከቀለም ማቅጠኛ ይራቅ። ስኔል ቍር በተሠራበት አገልግሎት ላይ ከዋለ 5 ዓመት ገደማ ሲሆነው እንዲለወጥ ይመክራል፤ ከባድ ምት የደረሰበት ግን ዕድሜው አይጠየቅም። ከላይ ጭረት ባይታይበትም አረፋው ተጨፍልቆ ሊሆን ይችላል። ደንበኛው ከአደጋ በኋላ በሌላ ሊለውጥ ያመጣውን አሮጌ ቍር ባለሱቁ አስተካክሎ ወደ መደርደሪያ አይመልሰው፤ የአገጩን ማሰሪያ በመቀስ ቈርጦ ይጣለው።