«ያልታወቀ አርቲስት»

አምቦ ላይ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፣ ፎቶ አትማለሁ፣ ዘፈንም እጭናለሁ። ከጉደር፣ ከጊንጪ፣ ከጌዶ፣ አንዳንዴም ከባኮ ድረስ ሰዎች ፍላሽና ሚሞሪ ይዘው ይመጣሉ። ብዙዎቹ የሚሉኝ ተመሳሳይ ነው፦ «ዘፈኑ አለ፤ ስሙ ግን የለም።» ስልካቸውን ሲያሳዩኝ የጥላሁን ገሠሠም፣ የአሊ ቢራም፣ የሃጫሉ ሁንዴሳም ሥራ «ያልታወቀ አርቲስት» በሚል ርዕስ ሥር አንድ ላይ ተከምሯል። አምቦ ተወልዶ አምቦ የተቀበረን ዘፋኝ በገዛ ከተማው ሰው ስልክ ላይ «ያልታወቀ» ተብሎ ማየት ያንገበግበኛል። ነገሩ የሚስተካከል ነው፤ ለማስተካከልም አብዛኛውን ጊዜ ኢንተርኔት እንኳ አያስፈልግም።

አንድ የዘፈን ፋይል ስሙ የሚጻፍበት ቦታ ሁለት ነው። አንደኛው ፎልደሩን ስንከፍት የምናየው የፋይሉ ስም ነው። ሁለተኛው በፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው ማስታወሻ ነው፤ «ታግ» ይሉታል። ዘፋኙ፣ ርዕሱ፣ አልበሙ፣ ዓመቱና ተራ ቁጥሩ የሚመዘገቡት እዚያ ነው። የስልክ ማጫወቻ በአብዛኛው የሚያነበው የውስጡን ስለሆነ፣ ከውጭ አሳምረን የሰየምነውም ዘፈን ታጉ ባዶ ከሆነ «ያልታወቀ» ይባላል። ከዚህ የባሰም አለ፤ ዘፈኑን ኢንተርኔት ላይ የለቀቀው ድረ ገጽ በዘፋኙ ቦታ የራሱን አድራሻ ይጽፍበታል።

የኤምፒ3 ታግ የተጀመረው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ በፋይሉ መጨረሻ ላይ የተቀጠለ 128 ባይት ብቻ ነበር፤ ለርዕሱ 30፣ ለዘፋኙ 30፣ ለአልበሙ 30፣ ለዓመቱ 4 ቦታ ተመድቦ ነበር። የተሠራውም ለላቲን ፊደል ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። በኋላ የመጣው የታግ ዓይነት ዩኒኮድን ስለሚቀበል ዛሬ «ጥላሁን ገሠሠ» ብሎ በፊደላችን መጻፍ ይቻላል። ሆኖም ብዙ የመኪና ማጫወቻ ግዕዝ አያነብም፤ ባዶ ሳጥን ወይም የጥያቄ ምልክት ደርድሮ ያሳያል። ስለዚህ የፋይሉን ስም በላቲን እተወዋለሁ፤ ታጉን ግን በዘፈኑ ቋንቋ ፊደል እሞላለሁ፤ አማርኛውን በግዕዝ፣ ኦሮምኛውን በቁቤ።

ሙሉ ፍላሽ በእጅ መሙላት ዕድሜ ይጨርሳል። ኤምፒ3ታግ እና ኪድ3 የሚባሉ ፕሮግራሞች ግን ከፋይሉ ስም ላይ እያነበቡ ታጉን በደቂቃዎች ይሞላሉ፤ ሁለቱም በዊንዶውስ ላይ በነፃ ይገኛሉ። ለፕሮግራሙ የስሙን ቅርጽ ትነግሩታላችሁ፦ መጀመሪያ ዘፋኙ፣ ከዚያ ሰረዝ፣ ከዚያ ርዕሱ። «አሊ ቢራ»፣ ሰረዝ፣ ቀጥሎ የዘፈኑ ርዕስ የሚል ፋይል ሲያገኝ ሰረዙ ላይ ይቆርጠውና ግራውን በዘፋኙ ቦታ፣ ቀኙን በርዕሱ ቦታ ያስገባል። ሺህ ፋይል ቢሆንም አሠራሩ ያው ነው። ዘፋኝ ማን እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ ግን የለውም፤ የሚያየው ሰረዙን ነው። ርዕሱ የቀደመበት ፋይል ከተቀላቀለበት ርዕሱን ዘፋኝ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ በመጀመሪያ የፍላሹን ቅጂ አስቀምጣለሁ፤ ቀጥሎ ፋይሎቹን በስማቸው ቅርጽ ወደተለያየ ፎልደር እለያቸዋለሁ፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ ፎልደር የራሱን ቅርጽ እሰጣለሁ።

ከዚያ በፊት ደግሞ ማጥራት አለ። ከዩቲዩብ የወረደ ዘፈን ስሙ ላይ «ኒው ኢትዮጵያን ሚውዚክ»፣ «ኦፊሻል ቪዲዮ» የሚል ይጎትታል። «ኒው» የተባለው ዘፈን አሥር ዓመት ያለፈው ሊሆን ይችላል። እነዚህን ቃላት ፕሮግራሙ በአንድ ትእዛዝ ከሁሉም ፋይል ላይ ያነሳቸዋል። የቃላት መለያ ሆኖ የገባውንም የታች ሰረዝ ወደ ባዶ ቦታ ይለውጠዋል።

እዚህ ድረስ የትም አገር ያለ ሰው የሚሠራው ነው። የእኛ ፈተና ከዚህ ይጀምራል።

ሃጫሉን እንውሰድ። በግዕዝ ሲጻፍ አንዱ በ«ሃ»፣ ሌላው በ«ሀ»፣ ሦስተኛው በ«ሐ» ይጀምረዋል። በቁቤ ሲጻፍ አናባቢው ይደገማል፣ «ጫ»ም በአንዲት ሲ ትጻፋለች። በእንግሊዝኛ ልማድ ሲጻፍ አናባቢው አይደገምም፣ ለ«ጫ» ሲ ከኤች ጋር ይገባል። ለኮምፒውተር እነዚህ ሁሉ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ጥላሁንም እንዲሁ ነው፤ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ባሰናዳው «ኢትዮፒክስ» የተባለ ተከታታይ ሲዲ 17ኛው ቅጽ ላይ ስሙ በፈረንሳይኛ ልማድ፣ ጭረት ባላቸው ፊደላት ተጽፏል። ከዚያ የተቀዳ ዘፈን ከሌሎቹ የጥላሁን ዘፈኖች ጋር በአንድ ስም አይሰበሰብም። መድኃኒቱ የስም መዝገብ ነው። በግራ በኩል ያየኋቸውን አጻጻፎች ሁሉ፣ በቀኝ በኩል የመረጥኩትን አንዱን አሰፍራለሁ፤ ፕሮግራሙ ግራውን ባየ ቁጥር በቀኙ ይተካዋል። በዚህ ሥራ ከደከምኩበት ሁሉ የምሳሳለት ይህን መዝገብ ነው።

የአባት ስምም ጣጣ አለው። ፈረንጅ የሠራቸው አንዳንድ ፕሮግራሞች የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ መጠሪያ መስሏቸው ዘፋኙን በአባቱ ስም ይደረድሩታል። ሃጫሉን ፈልጎ «ሁ» ሥር የሚሄድ የአምቦ ሰው የለም። በስም ቅደም ተከተል መደርደሪያው ቦታ ላይም የራሱን ስም አስቀድሜ እጽፋለሁ። በሌላ በኩል የራስ ስም ብቻ መጻፍም አይበቃም። አንድ ደንበኛዬ ፋይሎቹን «ጸጋዬ 1»፣ «ጸጋዬ 2» እያለ ሰይሟቸዋል። ገሚሱ ከአምቦ ብዙ ሳይርቅ ቦዳ የተወለደው የሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ድምፅ ነው፤ ገሚሱ የድምፃዊው የጸጋዬ እሸቱ ዘፈን። የአባት ስም ቢኖር አንድ ሰከንድ አይፈጅም ነበር፤ አሁን ግን ሁሉንም መስማት ግድ ሆነ። «ጸ» እና «ፀ» ደግሞ ይህንኑ ጸጋዬን እንደገና ለሁለት ይከፍሉታል።

ስም አሳጥረን በእዝባር መጻፍ የለመድን ሰዎችም ነን፤ «ገ/መድኅን»፣ «ወ/ሮ»፣ «ዶ/ር»። ይህን እዝባር ዊንዶውስም አንድሮይድም በፋይል ስም ውስጥ አይቀበሉም፤ ለፎልደር መንገድ መለያ የተያዘ ምልክት ነው። ስለዚህ ስሙ ሙሉውን ይጻፍ፤ ታግ ውስጥ ቦታ አይጠብም።

ዓመቱን የሚንቁ አሉ፤ እኔ አልንቅም። ሃጫሉ በአሥራዎቹ ዕድሜ ታስሮ አምስት ዓመት እስር ቤት ቆይቷል። የመጀመሪያ አልበሙ «ሰኚ ሞቲ» በ2009 እ.ኤ.አ. ሲወጣ እስር ቤት ሳለ የደረሳቸውን ዘፈኖች ይዞ ነው። «ማላን ጅራ» የተሰማው በ2015፣ የኦሮሚያ ተቃውሞ በተቀጣጠለበት ዓመት ነው። አልበምና ዓመት የሌለበት ፍላሽ ላይ ሁለቱም በፊደል ተራ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ አሥራ አምስት ዓመት የሆነው ልጅ የትኛው ከየትኛው እንደቀደመ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ፎቶ ላይ ደግሞ ስሙ ራሱ ቀን ነው። ብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ፎቶውን በተነሳበት ቀንና ሰዓት ይሰይሙታል። 20190107 የሚል ካያችሁ ጃንዋሪ 7 ቀን 2019 ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 29 ቀን 2011፣ የገና ዕለት። ቀጥሎ 101530 ቢል ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ማለት ነው። ኤግዚፍቱል የሚባል ነፃ ፕሮግራም ይህን ከስሙ ላይ አንብቦ በፎቶው ውስጥ ባለው የቀን ቦታ ይሞላዋል። ዋትሳፕ ፎቶውን ሲያስተላልፍ የውስጡን መረጃ ያራግፈዋል፤ በስሙ ላይ የሚጽፈው ቀንም ፎቶው የተነሳበት ሳይሆን የተላከበት ነው። ስለዚህ የምትሳሱለትን ፎቶ ስትልኩ በቴሌግራም «ፋይል» አድርጋችሁ ላኩት፤ ውስጡ ሳይነካ ይደርሳል።

ቀኑን በእኛ አቆጣጠር የሚሰይም ሰው ቢኖር ደስ ይለኛል፤ ግን ፕሮግራሙ እንዴት እንደሚያነበው ይወቅ። የጳጉሜን ፎቶ በ13ኛ ወር ሲጻፍ እንዲህ ያለ ወር የለም ብሎ ይመልሰዋል። ጥቅምት 30 «02-30» ተብሎ ሲጻፍም ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለው ላይቀበለው ይችላል። እነዚህስ ስህተቱን ይነግሩናል። የቀሩት ቀናት ናቸው አደገኞቹ፤ ፕሮግራሙ 2011 ሲያይ ያለ አንዳች ጥያቄ የፈረንጅ 2011 አድርጎ ይቀበለዋል፣ ፎቶውም ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። የእኔ አሠራር፦ በቀን ቦታ የፈረንጁን፣ በመግለጫው ቦታ «ታኅሣሥ 29 ቀን 2011 ዓ.ም.» ብዬ የእኛን።

ፊልምም ከዚሁ አያመልጥም። ጄሊፊን እና ኮዲ የሚባሉ ፕሮግራሞች የቤት ፊልሞችን የሚያደራጁት ከፋይሉ ስም ላይ ርዕሱንና በቅንፍ የተጻፈውን ዓመት አንብበው ነው። የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ብትጭኑ ቬኒስ ላይ የታየበትን 2008 መጻፍ አለባችሁ፤ የእኛን 2000 ከጻፋችሁ ሌላ ፊልም ሊያመጣባችሁ ይችላል።

ኢንተርኔት ያለው ሰው «ለምን በስሙ ትደክማለህ?» ይለኛል። ልክ ነው፤ ሚውዚክብሬንዝ ፒካርድ የሚባለው ፕሮግራም የዘፈኑን ድምፅ መርምሮ ከትልቅ መዝገብ ጋር ያመሳክራል። በዓለም ገበያ የወጣ አልበም ከሆነ ብዙ ጊዜ ያገኘዋል። ጌዶ ሰርግ ላይ የተቀዳ ዘፈን፣ ከአሮጌ ካሴት የተገለበጠ የሠፈር ድምፃዊ ግን እዚያ መዝገብ ውስጥ የለም። መረቡም ሁልጊዜ አይኖርም። ሃጫሉ ሰኔ 22 ቀን 2012 ከተገደለ በኋላ በአገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ ነበር። እነዚያን ሳምንታት ሰው ያዳመጠው በስልኩ የነበረውን፣ በብሉቱዝም ከጎረቤቱ የተቀበለውን ነው። ስሙ በትክክል የተጻፈው ዘፈን ያኔ ቶሎ ተገኘ፤ «ትራክ 05» የተባለውን ግን ሁሉንም እየከፈቱ መፈለግ ነበረባቸው።

ከጉደር የመጡ አንዲት እናት «ልጄ፣ የባለቤቴ ድምፅ እዚህ ስልክ ውስጥ አለ፤ ምርቃት ነው፤ ፈልግልኝ» አሉኝ። «አደ፣ መቼ ተቀዳ?» ስላቸው «የታላቋ ልጄ መልስ ጊዜ፣ ሁዳዴ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው» አሉ። ዓመቱን በቁጥር አያስታውሱም፤ ልጅቷ የተዳረችው በ2009 ዓ.ም. እንደሆነ በስልክ ነገረችኝ። የዚያ ዓመት ጾም የገባው የካቲት 13 ነው። ስለዚህ ከየካቲት 5 ጀምሮ ማለትም ስማቸው ላይ 20170212 የሚል ያለባቸውንና ቀጥለው የመጡትን የዋትሳፕ ድምፆች ብቻ አወጣሁ። በማግስቱ የተላከው ነበር። እሳቸው እያለቀሱ ሲያዳምጡ እኔ ታጉን ሞላሁት፦ በዘፋኙ ቦታ የአባትየውን ሙሉ ስም፣ በርዕሱ «ምርቃት»፣ በአልበሙ «የታላቋ ልጅ መልስ፣ ጉደር»፣ በዓመቱ 2017።

ስሙ ምንም የማይናገር ፋይል ሲያጋጥማችሁ ፕሮግራሙን ዝጉትና አዋቂ ጠይቁ። የድሮ ካሴት ከሆነ አጎትን፣ አክስትን፣ ሙዚቃ ቤት የሠራ ጎረቤትን አሰሙት። የነገሯችሁን በታጉ የአስተያየት ቦታ ጻፉ፤ ማን እንደነገራችሁና መቼ እንደነገራችሁም ጨምሩበት። ሁለት ሰው የተለያየ ስም ከሰጣችሁ ሁለቱንም መዝግቡ፤ የዘፋኙን ቦታ እስኪረጋገጥ ባዶ ተዉት። ሲያበቃ ሁሉንም ወደ ሁለት ቦታ ገልብጡ፤ አንዱ ሃርድ ዲስክ እናንተ ዘንድ፣ ሌላው በሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ቤት ይቀመጥ።