የዘይቤ፥ የምሳሌና የአንድምታ ልዩነት

መጽሐፍ የሚያነብ ሰው አስቀድሞ የቃሉን ወገን ሊለይ ይገባዋል። ታሪኩን ምሳሌ ቢያደርገው የተደረገውን ነገር ያፈርሳል፤ ምሳሌውን ታሪክ ቢያደርገው ምሥጢሩ ይሰወርበታል። ስለዚህ በጎንደር፥ በላይ ቤትም በታች ቤትም፥ የትርጓሜ መምህራን ለየወገኑ ስም ሰጥተውታል።

ዘይቤ ማለት የንባቡ ነጠላ ፍቺ ነው፤ ግዕዙ እንደ ቃሉ ወደ አማርኛ ሲመለስ ነው። ዛሬ በተማሪ ቤት መጽሐፍ ዘይቤ ሲባል ግን አነጻጻሪ፥ ተለዋጭ፥ ሰውኛ የሚባለውን የአነጋገር ስልት ያመለክታልና፥ ሁለቱን አንድ ማድረግ ያሳስታል። ሐተታ፥ ለምን እንዲህ አለ ቢሉ ብሎ ጠይቆ ምክንያቱን ማስረዳት ነው። አንድምታ፥ ለአንዱ ንባብ አንድም እያሉ ሌላ ፍቺ መጨመር ነው፤ ኋለኛው ፊተኛውን ይከተለዋል እንጂ አይሽረውም።

ምሳሌ እንደ ምን ነው ቢሉ፥ ዳዊት የኦርዮን ሚስት በወሰደ ጊዜ ነቢዩ ናታን የባለጸጋውንና የድኃውን፥ የአንዲቱንም በግ ነገር ነገረው፤ በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ምዕራፍ 12 እንደ ተጻፈ። ንጉሡ ታሪክ መስሎት ተቈጥቶ ሞት ፈረደ፤ ነቢዩም የተፈረደበት ሰው ራሱ ንጉሡ እንደ ሆነ ገለጸለት። በጊቱ ሰም ናት፤ የኦርዮ ሚስት ወርቅ ናት። አንጥረኛ ሰሙን ቀርጾ በጭቃ ይለብጠዋል፤ ሰሙ በእሳት ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ በስፍራው ይፈሳል። እንዲሁ የናታን በግ ቀልጣ ጠፋች፤ ፍርዱ ግን ቀረ።

የአጋርና የሣራ ነገር ግን እንዲህ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ በገላትያ ምዕራፍ 4 ሁለቱን ሴቶች የሁለት ኪዳን ምሳሌ አደረጋቸው፤ ነገር ግን አጋርም ሣራም በእውነት የነበሩ ናቸው። በዚህ ወርቁ ሲገለጥ ሰሙ አይቀልጥም፤ ታሪኩም ምሥጢሩም ጸንተው ይኖራሉ። እንግዲህ ተርጓሚው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፥ ይህ ሰም የሚቀልጥ ነውን ወይስ የሚጸና ብሎ ነው።

ካህንም ቢሆን መኰንን፥ ምሳሌ ሲሰማ ስለ ሌላ ሰው የተነገረ መስሎት ለመፍረድ አይቸኵል። ዳዊትን የጠቀመው ፈጥኖ መፍረዱ አይደለም፤ ወርቁ በተገለጠለት ጊዜ በደሉን ማመኑ ነው እንጂ።