በዓመት 24 ቀን ከየት ይመጣል?

ኢኮኖሚክስ ስማር በደንብ የገባኝ አንድ ነገር አለ። መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ወጪ እንደሌለ ይቆጠራል፤ ከፋዩ ግን ሁሌም አለ። ዛሬ ስለ አንድ እንዲህ ያለ ወጪ ላውራችሁ። ስሙ ኢንዶሜትሪዮሲስ ይባላል። እኔም ከከፋዮቹ አንዷ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማህፀንን የውስጥ ግድግዳ የሚመስል ህብረ ህዋስ ከማህፀን ውጭ፣ ለምሳሌ በእንቁላል ማምረቻ፣ በአንጀት ወይም በሽንት ፊኛ ላይ ያድጋል። አካባቢውን ያስቆጣዋል፣ ጠባሳም ይተዋል። ከዚያ ከባድ የወር አበባ ህመም፣ በግንኙነት ወይም በመጸዳዳት ጊዜ ህመም፣ የማይለቅ ድካም፣ ለአንዳንዶች ደግሞ የመውለድ ችግር ይከተላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመውለድ ዕድሜ ካሉት የዓለም ሴቶችና ልጃገረዶች 10 በመቶ ገደማ፣ ማለትም 190 ሚሊዮን ያህሉ ይህ በሽታ አለባቸው።

ታዲያ ለምን ብዙ አንሰማም? "የሴት ልጅ ወጉ ነው" እየተባልን ስላደግን ነዋ! "ስታገቢ ይተውሻል፣ ስትወልጂ ይለቅሻል" ያላለኝ ዘመድ የለም። በፍቅር ነው የሚሉት፤ ግን ጋብቻም ሆነ ወሊድ የዚህ በሽታ መድኃኒት አይደለም። አልትራሳውንዱ "ምንም የለም" ማለቱም ነገሩን አይዘጋውም፤ በሽታው እያለ ላይታይ ይችላል።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። ህመሙ አንዲትን ሠራተኛ በየወሩ 2 የሥራ ቀን ቢያስተኛት፣ በዓመት 24 ቀን ይሆናል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የሚሰጣት የዓመት እረፍት 16 የሥራ ቀን ነው። እረፍቷን በሙሉ ለህመሙ ብትገብር እንኳ 8 ቀን ይጎድላታል። የሕመም ፈቃድ አለ፤ ግን የሐኪም ማስረጃ ይፈልጋል። ቀጥ ብለሽ መቆም ባቃተሽ ቀን ወረቀት ለማምጣት ተሰለፊ እንደማለት ነው። ዛምቢያ ግን በሕጓ ለሴት ሠራተኛ ያለ ሐኪም ወረቀት በወር 1 ቀን ትሰጣለች። እኛ ጋ ብዙዎቻችን ክኒን ውጠን፣ ጥርሳችንን ነክሰን ቢሮ እንገባለን።

ለእኔ ነገሩን የቀየረው አንድ ደብተር ነው። ሦስት ወር ሙሉ ቀኑን፣ የህመሙን ልክ ከ0 እስከ 10፣ የወሰድኩትን ክኒን፣ የቀረሁበትን ሥራ ጻፍኩ። "ያመኛል" ስል "አይዞሽ" ብለው የሸኙኝ ነበሩ። ደብተሩን ያየችው የማህፀን ሐኪም ግን ረጋ ብላ ጠየቀችኝ።

በሽታውን ጨርሶ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም። ኑሮን የሚያቀል ግን አለ፦ እንደ ኢቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች፣ የሆርሞን መድኃኒት፣ ሲያስፈልግም ቀዶ ሕክምና። የትኛው ለማን እንደሚስማማ የሚወስነው ሐኪም ነው።

ችግሩ፣ ከሆርሞኖቹ አንዱ ሁላችንም በወሊድ መከላከያነት የምናውቀው ክኒን መሆኑ ነው። ያላገባች ልጅ ቦርሳ ውስጥ ሲገኝ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። በዚህ ፍራቻ መድኃኒቷን የምታቋርጥ ልጅ አለች። እኔ እናቴን ቁጭ አድርጌ "እማ፣ ይሄ የህመሜ መድኃኒት ነው" አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና "እኔንም እኮ እንዲህ ያደርገኝ ነበር" አለችኝ። የእሷ ወጪም የትም አልተመዘገበም።

ስለዚህ እህቴ፣ ህመሙ ከትምህርት ወይም ከሥራ የሚያስቀርሽ ከሆነ "ወጉ ነው" ብለሽ አትለፊው። ጻፊው፤ ይዘሽውም ወደ ማህፀን ሐኪም ሂጂ። አለቆች፣ መምህራን፣ አባቶችና ባሎች ደግሞ "ዛሬ አልቻልኩም" ስትላችሁ ሰበብ አድርጋችሁ አትቁጠሩባት።